ሁላችንንም ራሳችንን ያመመን ቀን

የዚያን ዓመት ታንክስጊቪንግ፣ የአሜሪካኖቹ የምስጋና በዓል፣ የዋለው የገና ጾም በገባ ማግስት ነበር። ይህንን የማነሳው ለወግ ያህል አይደለም። በዚያን ቀን ቤታችን ውስጥ የሆነውን ነገር ቶሎ እንዳናውቅ ካደረጉን ነገሮች አንዱ ጾሙ ነው። ሌላው ድካማችን።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሃያ አንድ ነው። ኮሎምበስ፣ ዋይትሆል ውስጥ፣ ከኤርፖርቱ ብዙም የማይርቅ አፓርትመንት ተከራይተን እንኖራለን። ዲቪ ደርሶን ከመጣን አምስተኛ ዓመታችን ነበር። እኔ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ፣ የማታ ሽፍት እሠራለሁ። ባለቤቴ ዳዊት ቀን ቀን የኤርፖርት ፓርኪንግ ሻትል፣ መንገደኛ የሚያመላልስ አውቶብስ፣ ይነዳል። የምንገናኘው በር ላይ ነው፤ እሱ ሲወጣ እኔ ስገባ። አንዱን አልጋ በፈረቃ ነበር የምንተኛበት፤ እኔ ጠዋት ስጋደም ትራሱ ገና አልቀዘቀዘም። የዳዊት እናት እማማ አስካለ ለስድስት ወር ሊጠይቁን መጥተው፣ ኮቪድ መንገዱን ሲዘጋባቸው እኛው ጋ ቀሩ። ዳዊት ሥራ ላይ፣ እኔ እንቅልፍ ላይ ስንሆን ከልጃችን ከሊዲያ ጋር የሚሆኑት እሳቸው ናቸው። ሊዲያ ያኔ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር።

ስለዚያን ጊዜዋ ምሕረት፣ ስለ ራሴ፣ እውነቱን ልናገር። ክፉ ሰው አልነበርኩም፤ ግን እንቅልፌን የሚነካ ነገር ሁሉ ጠላቴ ነበር። ስልኬን አጠፋለሁ። የበሩን ደወል ሽቦ ነቅያለሁ። ሊዲያ ቤት ውስጥ ሆና በኮምፒውተር ስትማር በነበረበት ዓመት፣ መምህሯ ጠይቃት እንኳ ድምፅ አውጥታ እንዳትመልስ ከልክያት ነበር። እማማ አስካለን አንድ ቀን ጉልበታቸውን፣ አንድ ቀን ወገባቸውን ያማቸዋል። አንድ ጠዋት ከሥራ ስገባ፣ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ፣ "ምሕረት፣ ዛሬ ደግሞ ትከሻዬን..." ብለው ሲጀምሩ፣

"እማማ፣ እርስዎን እኮ በየቀኑ አንድ ነገር ያምዎታል!" አልኳቸው።

ትከሻቸውን ይዘው ተነሱ። ከዚያ ወዲህ አመመኝ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። ተሻላቸው ብዬ ነበር።

ታንክስጊቪንጉን የፈለገችው ሊዲያ ናት። ባለፈው ዓመት በኮቪድ ምክንያት ማንም ማንም ቤት አልሄደም፤ ዘንድሮ ግን "ማሚ፣ ሪል ታንክስጊቪንግ። ከተርኪ ጋር። ሁላችንም ቁጭ ብለን" ብላ አልለቀቀችኝም። "ሁላችንም ቁጭ ብለን" የምትለዋን በአማርኛ ነው ያለቻት፤ ሌላውን ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው የምትመልሰው። እምቢ ማለት አቃተኝ። ዳዊት እስከ አሥር ሰዓት ሥራ ነው፤ ሲገባ እንበላለን ተባባልን።

እማማ አስካለ "ጾም በገባ በማግስቱ ሥጋ?" ብለው ፊታቸውን አዞሩ። በኋላ ግን የልጅ ልጃቸው ፊት ሲጠቁር አይተው፣ "በሉ ለልጅቷ ሥሩላት። እኔ ጎመኔንና ሽሮዬን ይዤ አጠገቧ እቀመጣለሁ" አሉ።

ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከሥራ ገባሁ። ሌሊቱን ሙሉ ቆሜ ነው ያደርኩት። ልተኛ ብል ተርኪው በሰዓቱ አይደርስም፤ ስለዚህ ፊቴን በቀዝቃዛ ውኃ ታጥቤ ጀመርኩ። ተርኪው፣ ያ ትልቁ የፈረንጅ ዶሮ፣ ፍሪጅ ውስጥ ሲቀልጥ አራት ቀን ሆኖታል። ሊዲያ ከዩቲዩብ የጻፈችውን ወረቀት ይዛ ከጎኔ ቆማ ታዘኛለች፤ "ቅቤው ከቆዳው ሥር ነው የሚገባው፣ ማሚ፣ አንደር ዘ ስኪን!" እኔ ሮዝመሪና ትንሽ በርበሬ ስጨምር "ዛት ኢዝ ኖት ሪል" አለችና ሳቀች። እማማ አስካለ የጾሙን ቢላ ከፍስኩ ለይተው፣ ወንበራቸውን ከምድጃው ራቅ አድርገው ጎመን ይከትፋሉ።

ባለፈው ጊዜ ዶሮ ስጠብስ ስቡ ተንጠባጥቦ፣ ኦቨኑን ለማጽዳት ግማሽ የእንቅልፍ ቀኔን አቃጥሎብኝ ነበር። ስለዚህ ተርኪውን ከማስገባቴ በፊት የኦቨኑን ወለል ከጥግ እስከ ጥግ በአሉሚኒየም ፎይል ሸፈንኩት። ወለሉ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎችም አብሬ ሸፈንኩ። ብልህነት መስሎኝ ነበር። ጋዙን ለኮስኩና ተርኪውን አስገባሁ። ውጭ ብርዱ ይጋረፋል። እማማ አስካለ ስለሚበርዳቸው መስኮቶቹ ላይ ፕላስቲክ ለጥፈናል፤ ከበሩም ሥር ፎጣ ጠቅልለን አስገብተናል።

ስድስት ሰዓት ላይ ቤቱ በምግቡ ሽታ ሞቅ ብሎ ነበር። ቅቤው፣ ሮዝመሪው፣ የሽንኩርቱ ቁሌት። ሊዲያ አራት ሳህን ደርድራ፣ ናፕኪኖቹን እንደ ማራገቢያ አጥፋ፣ ፎቶ ታነሳለች። እውነት እላችኋለሁ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ትንሽ ራሴን አሞኛል፤ ግን ሌሊቱን ሙሉ ቆማ ያደረች ሴት ራሷን ቢያማት ምን ይገርማል?

ሰባት ሰዓት ላይ እማማ አስካለ ቢላውን ጭናቸው ላይ አድርገው ግድግዳ ግድግዳ ያያሉ።

"እማማ፣ ምን ሆኑ?"

"ምንም። ጾም ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ እቀምሳለሁ።"

ሊዲያ ሶፋው ላይ ተጋድማለች። "ማይ ሄድ ኸርትስ" አለች ራሷን ይዛ።

"ስልኩን አስቀምጪው። ከጠዋት ጀምሮ አፍጥጠሽበት ነው።"

አያችሁ? ለእሳቸው ጾም፣ ለእሷ ስልክ፣ ለእኔ የሌሊት ሥራ። ሦስታችንም የየራሳችን ምክንያት ነበረን። ሁሉም ምክንያት ደግሞ እውነት ይመስላል።

ዳዊት ደወለ። ተሳፋሪ ሲጠብቅ ነው። "እንዴት ነው ተርኪው?" አለኝ።

"ደህና ነው። ስንት ሰዓት ነው የምትወጣው?"

"አሥር ሰዓት። ምናልባት ሩብ ጉዳይ።"

ስለ ጎመኑ ነገርኩት። ስለ ናፕኪኖቹ ነገርኩት። "ስንት ሰዓት ነው የምትወጣው?" አልኩት።

"አሥር ሰዓት አልኩሽ እኮ።"

ኦቨኑን ከፍቼ አየሁ፤ ሙቀቱ ፊቴን መታኝ፤ ዘጋሁት። ስልኩ አሁንም ጆሮዬ ላይ ነው። "ስንት ሰዓት ነው የምትወጣው?"

"ምሕረት፣ ይሄ ሦስተኛሽ ነው። በጣም ደክሞሻል። አምስት ደቂቃ ጋደም በይ፣ እሺ? ተርኪው አይሄድም።"

እሱም ደግ ሆኖ ነው። ሶፋው ጫፍ ላይ፣ ከሊዲያ እግር ሥር ተቀመጥኩና ዓይኔን ጨፈንኩ። እንዴት ያለ ጣፋጭ እንቅልፍ ነበር መሰላችሁ። ለዓመታት የለመንኩት እንቅልፍ ራሱ መጥቶ ያቀፈኝ መሰለኝ። ያስተኛኝ ግን የሰውነቴ ድካም አልነበረም። የተኛሁት አምስት ደቂቃ ይሁን ሃያ ዛሬም አላውቅም።

ያነቃኝ የሊዲያ ማስመለስ ነው። ምንጣፉ ላይ አስመለሳት፤ እግሬም ላይ። "ማሚ፣ አይ ትሩ አፕ። አይ አም ሶሪ፣ አይ አም ሶሪ።" ይቅርታ የጠየቀችኝ ከእንቅልፌ ስለቀሰቀሰችኝ ነው።

ተናደድኩ። ምን ብትበላ ነው? ብዬ ጮህኩ። ፎጣ አመጣሁ፣ ጠረግኩ፣ በፕላስቲክ አሰርኩ። ጉልበቴ የሌላ ሰው ጉልበት ሆኖብኛል። እማማ አስካለ ወንበራቸው ላይ አንገታቸውን ደፍተው ተኝተዋል፤ ጎመኑ በግማሽ እንደተከተፈ ነው። ይተኙ ብዬ አለፍኳቸው። የመስኮቱ መስታወት በላብ ተጠምቆ ይወርዳል። ከበሩ ሥር ያለውን ፎጣ በእግሬ ገፋ አድርጌ፣ ቆሻሻውን ይዤ ወጣሁ።

ብርዱ በጥፊ መታኝ። አሥር እርምጃ ያህል እንደሄድኩ ጭንቅላቴ ላይ የተጫነው ነገር መነሳት ጀመረ። ፓርኪንጉ ጥግ ላይ ጎረቤታችን ሚስተር ካርል ትልቅ ብረት ድስት ጥዶ ተርኪ በዘይት ይጠብሳል። ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ድሮ የቤት ማሞቂያ ይጠግን ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ከ"ሃይ" ያለፈ ነገር ተነጋግረን አናውቅም።

"ሃፒ ታንክስጊቪንግ!" አለኝ። ከዚያ ፊቴን አየና ማንኪያውን ዝቅ አደረገ። "ደህና ነሽ? ልክ አይደለሽም።"

"ደህና ነኝ። ደክሞኝ ነው። ልጄንም አስመለሳት። ሁላችንንም ራሳችንን አሞናል" አልኩት በእንግሊዝኛ።

"ኦል ኦፍ ዩ?" አለ።

ያን ጊዜ ነው የራሴን ቃል የሰማሁት። ሁላችንንም። በቤት ውስጥ ሆኜ አንድ በአንድ ስቆጥረው ምንም ያልመሰለኝ ነገር፣ ለማላውቀው ሰው ስናገረው አንድ ላይ ተገጣጠመ።

"ምድጃሽ ጋዝ ነው?" አለኝ።

ዓይኔ ላይ የመጣው ኮሪደሩ ጣሪያ ላይ ያለው፣ መርዛማ ጋዝ ሲኖር የሚጮኸው ነጭ ዲቴክተር ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ባትሪው እያለቀ በየደቂቃው ጢጥ እያለ አላስተኛ ሲለኝ ወንበር ላይ ወጥቼ ባትሪውን አወጣሁት። ሌላ እገዛለሁ ብዬ መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት። ከዚያም ተኛሁ።

ሮጥኩ። ሚስተር ካርል የድስቱን እሳት አጥፍቶ ከኋላዬ ሮጠ፤ "ጌት አውት! ኤቭሪባዲ አውት!" እያለ ይጮሃል። ሊዲያን ከሶፋው ጎትቼ አነሳኋት። በካልሲዋ ነች። "ሂጂ! ውጪ! ውጪ!" እያልኩ በሩ ድረስ ገፋኋት። ከዚያ ወደ እማማ አስካለ ዞርኩ።

"እማማ! እማማ አስካለ!"

አልሰሙኝም። ትከሻቸውን ነቀነቅኩ፤ አንገታቸው ወደ ጎን ተንከባለለ። ቢላው ወለሉ ላይ ወደቀ። ላነሳቸው ስል እኔው ራሴ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ሴትዮዋ ቀጭን ናቸው፤ ግን በዚያች ሰዓት መኪና የማነሳ መሰለኝ። ሚስተር ካርል ኦቨኑን አጥፍቶ ደረሰና ከብብታቸው ሥር ያዛቸው፤ እኔ እግራቸውን። እንዲህ አድርገን፣ እየተደነቃቀፍን፣ አንድ ጫማቸው ኮሪደር ላይ ወልቆ ቀርቶ፣ ሣሩ ላይ አወጣናቸው። ጃኬቱን አውልቆ አለበሳቸውና ናይን ዋን ዋን ደወለ።

ሊዲያ አያቷ አጠገብ ተንበርክካ "አያቴ፣ ዌክ አፕ፤ አያቴ" ትላለች። ይተነፍሳሉ። ግን አይመልሱም። እኔ እጃቸውን ይዣለሁ። ለሁለት ዓመት "ዝም በሉልኝ" ያልኳቸውን ሴት፣ አንድ ቃል እንዲናገሩ እለምናለሁ።

የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ቶሎ ደረሱ። አንዱ በእጁ የያዘው መለኪያ ገና በሩ ላይ ሲደርስ ጮኸ። ሌላው ለእማማ አስካለ፣ ከዚያም ለሊዲያና ለእኔ ኦክስጅን አደረገልን። የገባው ሰውዬ ሲወጣ የተጨማደደ ፎይል በጓንቱ ይዟል።

"ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው" አለኝ። "ሽታ የሌለው መርዝ ነው። ፎይሉ የአየር መግቢያውን ዘግቶታል። ዲቴክተር የላችሁም?"

ልዋሽ ነበር። አልደብቃችሁም። "አላውቅም" የምትል ቃል አፌ ላይ ደርሳ ነበር። ሊዲያ ቀደመችኝ። ማስኩን ከፍ አድርጋ፣ ያለ ምንም ክስ፣ እንዲሁ እንደሚነገር ነገር፣ እናቴ መተኛት እንድትችል ባትሪውን አውጥታዋለች አለችው።

ሰውዬው አየኝ። ሊቆጣ ነው ብዬ ጠበቅኩ። ገና ልጅነት ያልለቀቀው ወጣት ነው፤ እሱም ዓይኑ ደም ለብሷል፣ እሱም ከሌሊት ጀምሮ ሥራ ላይ የነበረ ይመስላል። "አሁን ዝም ብለሽ ተንፍሺ" ብቻ አለኝ።

ወደ ዳውንታውን አካባቢ ወዳለ ሆስፒታል ወሰዱን። እኔና ሊዲያ አንድ ክፍል ሆንን፤ እማማ አስካለን ሌላ ቦታ አስገቧቸው። ዳዊት የሥራ ዩኒፎርሙን እንደለበሰ መጣ። በኮቪድ ምክንያት ብዙ ሰው ስለማያስገቡ በር ላይ ሲከራከር ነው የቆየው። ሊዲያን ሳማት፣ ግንባሬን ነካኝ፣ እናቱ ጋ ሄደ፤ ተመለሰ።

"አልነቁም" አለ።

ነገርኩት። ባትሪውን እኔ ነኝ ያወጣሁት፤ ፎይሉንም እኔ ነኝ። እናትህን የገደልኳቸው እኔ ነኝ አልኩት። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

"መሳቢያው ውስጥ አይቼው ነበር" አለኝ።

"ምኑን?"

"ባትሪውን። ባለፈው እሑድ መቀስ ስፈልግ። ለምን እንደወጣም ገብቶኛል። ነገ እገዛለሁ አልኩ፤ ከዚያ ረሳሁት። ስደውልልሽም፣ ሦስት ጊዜ አንድ ነገር ስትጠይቂኝ፣ ተኚ አልኩሽ። ተኚ!"

እጄን ያዘኝ። ሁለታችንም ያለ ሥራ፣ ያለ እንቅልፍ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጥነው ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ ማስታወስ አልቻልኩም።

ቀኑ ሊመሽ ሲል ነርሷ ዳዊትን ጠራችው፤ እኔንም በዊልቸር ወሰደችኝ። እማማ አስካለ ዓይናቸውን ገልጠዋል። ክንዳቸው ላይ የተተከለውን ግሉኮስ ትኩር ብለው ያያሉ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ዳዊት ጎንበስ አለ።

"ይሄ... ጾም ይፈታል?"

ዳዊት ሳቀ፤ ሳቁ ሳያልቅ ማልቀስ ጀመረ። እኔ ሳቁ ላይም ልቅሶው ላይም አልደረስኩም። አልጋቸውን ይዤ፣ በዊልቸሩ ላይ እንዳለሁ፣ "ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ" አልኩ። ባትሪውንም ፎይሉንም አንድ በአንድ ነገርኳቸው። የገባቸው አልመሰለኝም ነበር።

"ከስድስት ሰዓት ጀምሮ አሞኝ ነበር" አሉ ቀስ ብለው። "ዓይኔ ሁለት ሁለት ያያል። እንዳልነግርሽ... በየቀኑ አንድ ነገር ያምዎታል ብለሽኛል። ደግሞ ዛሬም እንዳትዪኝ ብዬ ነው።"

ብዙ ሰው ከዚያ ቀን ምን እንደማይረሳኝ ሲጠይቀኝ ሣሩ ላይ ተዘርረው ያየሁበትን ሰዓት የምነግረው ይመስለዋል። አይደለም። የእሳቸውን ይህችን ቃል ነው።

እሑድ ዕለት እማማ አስካለ ከሆስፒታል ወጡ። ጋዙ ገና አልተከፈተልንም ነበርና በኤሌክትሪክ ምድጃ ሽሮ ሠራሁ፤ ጎመኑን እንደገና ከተፍኩ። የእኛ ተርኪ ቆሻሻ ውስጥ ገብቷል። ሚስተር ካርል ለሊዲያ ከራሱ ተርኪ አንድ ሙሉ ጭን በፎይል ጠቅልሎ አመጣላትና፣ ፎይሉን ሳይ ፊቴ እንደተለወጠ አይቶ "ሶሪ፣ ሶሪ" ብሎ በሳህን ገለበጠልኝ። ግባ አልነው፤ ገባ። ስለ ምስጋና ንግግር ያደረገ ሰው አልነበረም። እማማ አስካለ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ እኔ አጎረስኳቸው፤ ዳዊት ምግቡን ሳይጨርስ ወንበሩ ላይ አንቀላፋ፤ ሊዲያም ትከሻው ላይ። ማንም አልቀሰቀሳቸውም። በየደቂቃው ግን ደረታቸውን አየሁ፤ ይነሳል፣ ይወርዳል።

ከዚያ በኋላ ምን ተለወጠ ብትሉኝ፣ የማታ ሥራውን ተውኩ። ቀላል አልነበረም፤ ለወራት ተቸግረናል። አሁን ዎርዝንግተን አንድ ቢሮ ውስጥ ቀን እሠራለሁ፤ ማታ ሁላችንም አንድ ጣሪያ ሥር እናድራለን። ድካሙ ግን አልለቀቀንም። ለቀቀን ብዬ አልዋሻችሁም። የተለወጠው፣ ድካምን እንደ መልስ መቀበል ማቆሜ ነው። ቤቴ ውስጥ አንድ ሰው "ደክሞኝ ነው" ሲል ሥራዬን አቁሜ "የት ጋ? ከመቼ ጀምሮ?" እላለሁ። ሊዲያ "ማሚ፣ ስቶፕ" ትለኛለች። አላቆምም።

ይህንን የምታነቡ፣ እንደ እኔ ሽፍት እየቆጠራችሁ የምትኖሩ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። የኦቨናችሁን ወለል አትሸፍኑ። ባትሪውን ዛሬውኑ እዩት። ይህ ቀላሉ ነው። ከባዱ፣ ከእናንተ ጋር የሚኖር አንድ ሰው ሕመሙን መናገር ያቆመው ተሽሎት እንደሆነ ወይስ እናንተን ፈርቶ እንደሆነ መጠየቅ ነው። እኔ የጠየቅኩት ዘግይቼ ነው።

እማማ አስካለ ሙሉ በሙሉ አልዳኑም። ሐኪሞቹ እንዲህ ያለው ጉዳት አንዳንዴ ቆይቶ ነው የሚታየው ብለውን ነበር። ቃል ይጠፋባቸዋል፤ የጀመሩትን ነገር ይረሳሉ። አንዳንድ ቀን እኔንም "በለጡ" ብለው ይጠሩኛል። በለጡ ገና ልጅ ሳለች የሞተች ታናሽ እህታቸው ናት። መጀመሪያ ላይ "እማማ፣ እኔ እኮ ምሕረት ነኝ" እያልኩ አርማቸው ነበር። አንድ ቀን ግን "በለጡ፣ ጎኔን ወጋኝ" ሲሉኝ፣ ስሜን ትቼ የሚወጋቸው የት ጋ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየትኛውም ስም ቢጠሩኝ፣ "አቤት" እላለሁ።